ጎልፏን ዝቅ ላድርጋት ወይስ ይቅርብኝ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ጥያቄዎች አንዱ የመጣው ከወደ አሜሪካ ነው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል የግል የግሉን ትተን ፍሬ ነገሩን እነሆ፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የ2012 ሞዴል ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ገዛሁ። አሁን 128 ሺህ ማይል ሄዳለች። ሞተሯ አይታማም። ግን በጎማዋና በፓራፋንጎዋ መካከል ያለው ክፍተት ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። እጄ ላይ 1,000 ዶላር አለ፤ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም የለኝም። አንዱ ጓደኛዬ ‹በ280 ዶላር ሙሉ ኮይሎቨር በኢንተርኔት ታገኛለህ› ይለኛል። ሌላው ደግሞ ‹ምን ወጪ ውስጥ ያስገባሃል፣ ሞላውን በግራይንደር ቁረጠው!› ይላል። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ‹ጉብታ ላይ ልታዋልደኝ ነው ወይ?› እያለች ትስቅብኛለች፤ ሳቋ ግን የምር ሳቅ አይመስለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድማችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ደስ ያለህ! ለልጁ ማለታችን ነው። በመኪናዋማ ደስ ከተሰኘህ ሁለት ዓመትህ።

መጀመሪያ የሞላ መቁረጡን ነገር እንጨርስ። አትቁረጥ! የጓደኛህ ምክር ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ርካሽነቱ ግን ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ሞላ ከፋብሪካ ሲወጣ ጫፉ መቀመጫው ላይ ልክ እንዲገጥም ተደርጎ ነው። ስትቆርጠው ያ ጫፍ ይጠፋል። ስላጠረም መኪናዋ ጉብታ ዘላ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ይላላና ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በጋዝ የቆረጡት እንደሆነማ ሙቀቱ ብረቱን ያበላሸዋል። እዚሁ አዲስ አበባ የምናውቀው አንድ ጎረምሳ የቪትዙን የኋላ ሞላ አስቆርጦ ወደ ደብረ ዘይት ሲሄድ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ወርዶ ቢያይ ሞላው ከቦታው ወጥቶ የፍሬን ቱቦውን ተደግፎ ቆሟል። ቱቦው አልተበጠሰም። ቢበጠስስ ኖሮ? በዚህ ላይ ሌላ ቃል አንጨምርም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንተ የጠየቅኸን «በምን ላውርዳት?» ብለህ ነው። እኛ ደግሞ መልሰን የምንጠይቅህ «አሞርዛተሮቹ መቼ ተቀየሩ?» ብለን ነው። 128 ሺህ ማይል ማለት በእኛ አቆጣጠር ወደ 206 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ከፋብሪካ የመጡት ከሆኑ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል ማለት ይቻላል። ሰው ሞላንና አሞርዛተርን እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ሞላ ክብደቱን ይሸከማል፤ አሞርዛተር ደግሞ ሞላው አንዴ ከተጫነ በኋላ እንደ ኳስ እንዳይነጥር ይይዘዋል። መኪና ማውረጃ ሞላ አጭርና ጠንካራ ነው። ጠንካራ ስለሆነ የሚመልሰው ጉልበት ይበልጣል፤ አጭር ስለሆነ ደግሞ አሞርዛተሩ የሚሠራበት ርቀት ይቀንሳል። እንግዲህ ደክሞት የተቀመጠ ሽማግሌ ላይ ጎረምሳ አስፈንጣሪ አምጥተህ ስትጭንበት አስበው! ብዙ ሰው «ዝቅ ካደረግኋት በኋላ መኪናዬ ተበላሸች» እያለ የሚያማርረው ሞላውን ነው። ጥፋተኛው ግን ሳይቀየር የቀረው አሮጌ አሞርዛተር ነው።

መድከሙን በምን ታውቃለህ? ከጎማው ጀርባ አጎንብሰህ እይ። አሞርዛተሩ በዘይት ርሶ አቧራ ከተለጠፈበት አልቆለታል። የጎማውን ጥርስ በእጅህ ዳስስ። አንዱ ቦታ ጎድጎድ፣ አንዱ ቦታ ከፍ ካለ ጎማው መሬት ላይ እየዘለለ ነው ማለት ነው። ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋ ከደፋች፣ በፈጣኑ መንገድ ላይ ከአንድ ጉብታ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘች ሌላ ምስክር አያስፈልግህም። ኮፈኑን ጫን አድርጎ መልቀቅ የሚባለው የድሮ ዘዴ ግን የሚያሳብቀው ፈጽሞ የሞተውን ብቻ ነው። ግማሽ የሞተው በዚያ ፈተና ያልፋል።

ሌላው ሳታስበው የቀረህ ነገር ጂቲአይ ከፋብሪካዋ ስትወጣም ዝቅ ተደርጋ መሆኑን ነው። ያንተ ስድስተኛው ትውልድ ነው። ያ ትውልድ ከተራው ጎልፍ ጋር ሲነጻጸር ከፊት 22፣ ከኋላ 15 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ገና ያልተነካ ነገር ላይ አይደለም የምትጀምረው። ከዚህ በኋላ አንድ ኢንች፣ ማለትም 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ቢበዛ 30፣ ለዓይንም ለመንገድም ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ነገሩ ይገለበጣል። የፊት እግሯ ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው። ኮንትሮል አርም የሚሉት የታችኛው ክንድ ከሰውነቷ ወደ ጎማው ይዘረጋል። መኪናዋ በጣም ስትወርድ ይህ ክንድ በጎማው በኩል ሽቅብ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ኩርባ ላይ መኪናዋን ወደ ጎን የሚያጋድላት ኃይል ጉልበቱ ይጨምራል። ቁመቷ ወርዶ፣ መጋደሏ ብሶ! ብዙ የወረዱ መኪናዎች ቆመው ሲታዩ እንደ ነብር፣ ሲነዱ ግን እንደ ጋሪ የሚሆኑት በዚህ ነው።

ወደ 280 ዶላሩ ኮይሎቨር እንምጣ። ኮይሎቨር ማለት አሞርዛተሩ ላይ ጥርስ ወጥቶለት ቁመቱ በቀለበት ከፍና ዝቅ የሚል ዓይነት ነው። በአንተ መኪና ከኋላ ሞላውና አሞርዛተሩ ለየብቻ ስለሚቀመጡ ማስተካከያው ሞላው ሥር ይሆናል። ነገሩ በራሱ መጥፎ አይደለም። ቢልሽታይን፣ ካደብሊው፣ የካደብሊው ታናሽ የሆነው ኤስቲ የሚሠሩት የተመሰገነ ነው። ዋጋቸው ግን ያንተን 1,000 ዶላር ብቻውን ሊበላ ይችላል። በ280 ዶላር አራት አሞርዛተር፣ አራት ሞላና ማስተካከያ ሲሸጥልህ ግን እስቲ ለራስህ አስላው። አንድ ደህና አሞርዛተር ብቻውን ከ100 ዶላር በላይ በሚያወጣበት አገር፣ ከምኑ ተቆርጦ ነው ይህ ዋጋ የወጣው? የሚቆረጠው ከማይታየው፣ ከውስጡ ነው። ደግሞ አንዳንዱ ርካሽ ኮይሎቨር እስከ መጨረሻው ከፍ ብታደርገው እንኳ ከምትፈልገው በታች ነው። በዚያ ላይ ክረምት ሲመጣ እናንተ ጋ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው ያገኘው ርካሽ ጥርስ በሁለት ክረምት ይዝግና ይጣበቃል። «የሚስተካከል» ብለህ የገዛኸው ያን ጊዜ በመዶሻም አይንቀሳቀስ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይህ ነው።

እና ምን ልግዛ ነው የምትለው? እኛ የምንመርጥልህ የታወቀ ስም ያለው የማውረጃ ሞላ ከአዲስ አሞርዛተር ጋር ነው። የአይባክ ፕሮ ኪት የሚባለው ሞላ ልከኛ ነው፤ ከላይ ባልነው መጠን ያወርዳል። የኤች ኤንድ አር ስፖርቱ ትንሽ ጠለቅ ያደርጋታል። ለአባትነት ለሚዘጋጅ ሰው እኛ የመጀመሪያውን እንመርጣለን። ከአሞርዛተር ደግሞ የኮኒ ኤስቲአር ቲ የሚባለው ከርካሾቹ ደህናው ነው። ከፋብሪካው ሞላ ጋርም፣ ከማውረጃ ሞላ ጋርም ይሠራል። ይህን ልብ በል፣ በኋላ እንመለስበታለን። የቢልሽታይን ቢ8 ለወረደ መኪና ተብሎ ያጠረ ነው፤ ከኮኒው ይጠነክራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ቢ6 የሚባለው ወንድሙ ለፋብሪካው ቁመት ስለሆነ ሻጩ ቢያቀላቅልብህ አትቀበለው። ስታዝ ደግሞ የፊተኛው አሞርዛተር ውፍረት 50 ሚሊ ሜትር ነው 55 የሚለውን ለክተህ እዘዝ። በእነዚህ ጎልፎች ሁለቱም አሉ፤ ሳይለካ አዝዞ የመለሰ ብዙ ነው።

ገንዘብ የሚቆጥብልህ አንድ ዘዴ እንንገርህ። ሞላ ያገለገለ ግዛ፤ አሞርዛተር ግን ያገለገለ እንዳትገዛ። ደህና ሞላ ካልተሰበረና ቀለሙ ተልጦ ዝገት ካልበላው ብዙ ዓመት ያገለግላል። አንዱ መኪናውን ሲሸጥ አውልቆ የሚያስቀምጠው ሞላ በግማሽ ዋጋ ሊገኝ ይችላል። ያገለገለ አሞርዛተር ግን የሰው ጫማ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሄደበት የሚያውቀው ያወለቀው ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አይነግርህም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው ክፍል። የፊት እግሯ አንዴ ከተፈታ ከአሞርዛተሩ ራስ ላይ ያለውን ላስቲክና ኩሽኔታ አብረህ ቀይር። መሪ ስታዞር ቋ ቋ የሚለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለው ላስቲክ፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ምቱን የሚቀበለው ትራስ፣ ካረጀ ይቀየር፤ የሞላው መመሪያ ቁረጡ ካለም ባለው ልክ ብቻ ይቆረጥ። የታችኛውን ክንድ የኋላ ጎሚኒም በባትሪ አይተህ ከተሰነጠቀ አብረህ አስቀይር። እነዚህ ዕቃዎች ዋጋቸው ትንሽ ነው። ውዱ መካኒኩ የሚፈታበት ሰዓት ነው። አንዴ ተፈትቶ ሁሉም ከተቀየረ የጉልበቱን አንዴ ትከፍላለህ። ዛሬ ሞላ፣ ከሦስት ወር በኋላ አሞርዛተር፣ ከዚያ ኩሽኔታ ካልህ ሦስት ጊዜ ትከፍላለህ። ቮልስዋገን አንዳንድ ብሎኖችን አንዴ ከተፈቱ እንዳይመለሱ ስለሚያዝ አዲስ ብሎንም ግዛ።

«እኔው ራሴ ጓሮዬ ውስጥ ብሠራውስ?» ትል ይሆናል። የኋላው አያስቸግርም። የፊቱ ግን ሞላው ታምቆ የሚፈታ ነው። የታመቀ ሞላ ካመለጠ አጥንት ይሰብራል፣ ሰውም ይገድላል። በዚያ ላይ አሞርዛተሩ የሚቀመጥበትን ብረት ከፈት የሚያደርግ መሣሪያ ያስፈልጋል። ቢያንስ የፊቱን ለባለሙያ ስጥ። እናንተ ጋ ሐበሻ መካኒክ አይጠፋም፤ ቀድመህ «ዕቃውን ራሴ ባመጣ ትሠራልኛለህ ወይ?» ብለህ ጠይቀው። ሲያጠብቅም የክንዶቹን ብሎን መኪናዋ በጎማዋ መሬት ረግጣ ባለችበት ቁመት ላይ ያጥብቀው። ተንጠልጥላ ሳለች ከታሰረ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ አላይመንት የግድ ነው። ለእሱ ከ100 እስከ 150 ዶላር ለብቻ አስቀምጥ። ስትወርድ የኋላ ጎማዎቿ ራሳቸውን ወደ ውስጥ ዘንበል ያደርጋሉ። በአንተ መኪና ይህ በብሎን ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ግን ጎማው ከውስጥ በኩል ተበልቶ ሽቦው እስኪታይ ድረስ አንተ ከውጭ «ገና አዲስ ነው» እያልህ ትነዳለህ። መብራቷንም አስለካ፤ ለኢንሹራንስህም አሳውቅ።

እዚህ አዲስ አበባ ሆናችሁ ቪትዛችሁን ልታወርዱ ለምታስቡ አንድ ቃል። የቪትዝ የኋላ እግር አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ የጎማው ማዘንበል እንደ ጎልፉ በብሎን አይስተካከልም። የኮብልስቶኑንና የየሰፈሩን ጉብታ ነገርማ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ወደ 1,000 ዶላርህ እንመለስ። እውነቱን እንንገርህ፤ አዲስ ሞላ፣ አራት ደህና አሞርዛተር፣ ላስቲኩ፣ ብሎኑ፣ የእጅ ዋጋውና አላይመንቱ ተደምሮ በዚህ ገንዘብ አይወጣም። ያገለገለ ሞላ ካገኘህና መካኒኩ ወዳጅህ ከሆነ ግን ለጥቂት ሊወጣ ይችላል። ካላገኘህስ? አሞርዛተሩ ዘይት እያፈሰሰ ከሆነ አትጠብቅ። ሁለቱም ሞላ ላይ የሚሠራውን ኮኒ ከላስቲኩና ከኩሽኔታው ጋር አስገጥም። ሞላው የራሷ ይቆይ፤ ቁመቷም እንዳለ ይቆይ። መኪናዋ ምን ያህል እንደምትለወጥ ስታይ ክፍተቱን ትረሳው ይሆናል። ካልረሳኸው ሞላውን በሚመጣው ዓመት ትገዛለህ። ለፊቱ የእጅ ዋጋ ዳግም እንደምትከፍል ግን ከአሁኑ እወቅ። አሞርዛተሩ ደህና ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ ምንም አትንካ። ገንዘቡ ሞልቶ ሁሉንም ባንዴ እስክትሠራ ጠብቅ።

የመጨረሻው የቀኑ ነገር ነው። ሥራውን በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ጨርስና ከኋላ ሁለት ሰው፣ በሻንጣው ቦታ ደግሞ ከባድ ዕቃ ጭነህ ሞክራት። ጎማው የትም ካልነካ ደህና ነው። በሁለት ሳምንት የማትጨርስ ከሆነ ከወሊዱ በኋላ ይሁን። ምጡ ሲመጣ መኪናዋ ክሪክ ላይ ተሰቅላ፣ አንተም ታክሲ ስትጠራ ብትገኝ ባለቤትህ ያን ጊዜ አትስቅም።