ቡችላ የደረት ጌጥ አይደለም

በከተማችን አንድ አዲስ ፋሽን ገብቷል። እንደ ሌላው ፋሽን ተለብሶ የሚወልቅ ቢሆን ኖሮ ቀለም ባላባከንንበት ነበር፤ ነገር ግን ይኸኛው ነፍስ ያለው ነው። ዓይኑን ከገለጠ ጥቂት ሳምንት ብቻ የሆነው፣ ከእናቱ ጡት ያለጊዜው የተነጠቀ፣ በአንድ መዳፍ የሚያዝ የፈረንጅ ቡችላ ነው። ይህ ፍጡር በሰንበት ከሰዓት በኋላ በየቡና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከኬክና ከማኪያቶ ጋር ተደርድሮ ይታያል። በእጅ ቦርሳ ውስጥ አንገቱን አስግጎ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። በልደትና በምረቃ ቀን ከእቅፍ ወደ እቅፍ እየተቀባበሉት ፎቶግራፍ ይነሡታል። በግቢያችንም ውስጥ አልፎ አልፎ መታየት ስለ ጀመረ፣ ጉዳዩ የሌላ ሰው ነው ብለን ዝም ልንል አንችልም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ ውሻ ወዳድን የምንነቅፍ አይደለንም። ውሻውን የሚወድ ሰው ያበላዋል፣ ያጥበዋል፣ ሲታመም አብሮት ያድራል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚያየው ተመልካች የለም። የምንነቅፈው ክትባቱን ያልጨረሰ ጨቅላ ቡችላ አደባባይ አውጥቶ የሚያሳየውን፣ ሰው «ውይ ሲያምር!» ባለ ቁጥር ራሱ የተመሰገነ የሚመስለውን ባለቤት ነው። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

በእውነቱ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር። በአገራችን የአራስ ቤት የታወቀ ሕግ አለው። በክርስቲያኑ ዘንድ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ሕፃን ይዞ ገበያ መውጣት ነውር ነው። በሙስሊሙም ቤት የ40 ቀን አራስነት የተከበረ ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው እንደ ገባ ወደ ሕፃኑ አይጠጋም፤ ትንሽ አረፍ ይላል። እናቶቻችን ምክንያቱን ምች ይበሉት፣ የሰው ዓይን ይበሉት፣ ፍሬ ነገሩን ግን አልሳቱትም፦ ያልጠነከረ ገላ ከሕዝብ መካከል አይገባም። እንግዲህ ፊደል ያልቆጠረች እናት የምታውቀውን፣ ዲግሪ የተሸከመው ልጇ በገዛ ቡችላው ላይ ሲዘነጋው ምን ይባላል?

የቡችላ አራስነት እስከ መቼ ነው ለሚለን መልሱ በሳይንስ የታወቀ ነው። ቡችላ በተወለደ ቀን ከሚጠባው እንገር የእናቱን የበሽታ መከላከያ ይወስዳል። ይህ ስንቅ ብዙውን ጊዜ ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ እየመነመነ ሄዶ፣ በአንዳንዱ ቡችላ እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ ጥቂት ጥቂት ይቆያል። አደጋው ያለው በዚህ መካከል ነው። ከእናቱ የቀረው መከላከያ በሽታውን ለመመለስ አቅም ያጣል፤ ሆኖም ክትባቱ እንዳይሠራ ለማሰናከል ይበቃል። የእንስሳት ሐኪሞች ክትባቱን ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ጀምረው፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየደገሙ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው የሚያደርሱት ስለዚህ ነው። «አንድ ጊዜ ተወግቷል» የሚለው የባለቤቶች መልስ እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው፤ በግማሽ እውነት ደግሞ ቡችላ ይሞታል።

ምን ይገድለዋል? ፓርቮ የተባለው ተሐዋሲ በውሾች ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዓለምን አዳርሷል። ቡችላውን ያስታውከዋል፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያስቀምጠዋል፣ ውኃውን አድርቆ በቀናት ውስጥ ይጨርሰዋል። የታመመ ውሻ የተጸዳዳበት መሬት ላይ ተሐዋሲው ለወራት፣ ጥላና እርጥበት ባለበት ስፍራ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ በረኪና ይገድለዋል። በጫማ ጥፍር፣ በልብስ ጫፍ፣ በሰው እጅ ይጓዛል። ስለዚህ «እኔ አቅፌ ነው የምይዘው፤ መሬት አላስነካውም» ማለት አያድንም። ቡችላው መሬት ባይነካ፣ ያንን መሬት የረገጡና የዳሰሱ ዐሥር ሰዎች እርሱን ይነኩታል።

ይህ ለውሻ ዘር ሁሉ የሚነገር ነው። ቺዋዋ፣ ማልቲዝ፣ ሺትዙ፣ ፖሜራንያንና የመሳሰሉት ደቃቅ ዘሮች ግን ሌላ ዕዳ አለባቸው። የገላቸው ትንሽነት ሙቀታቸውን ቶሎ ያስወጣዋል፤ የአዲስ አበባ ምሽት ደግሞ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ አገር የሚወርድ ብርድ ነው። ጉበታቸውና ጡንቻቸው የሚያስቀምጡት የስኳር ስንቅ ኢምንት በመሆኑ፣ ጨቅላው በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ካልበላ፣ በዚያ ላይ ከተንገላታና ከበረደው፣ በደሙ ያለው ስኳር በድንገት ይወርዳል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ይንገዳገዳል፣ በመጨረሻም ይዝለፈለፋል። በቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ ሲንቀጠቀጥ ያየው ሁሉ «ፈርቶ ነው፤ ሲያሳዝን!» እያለ ሲስቅ፣ እንስሳው ወደ ሞት እየሄደ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰዓት ማር ወይም የስኳር ውኃ ድዱ ላይ ቀብቶ፣ አሙቆ ወደ ሐኪም መሮጥ እንደሚገባ ከባለቤቶቹ ስንቱ ያውቃል?

አጥንታቸውም እንዲሁ ነው። የፊት እግራቸው አጥንት እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ስለ ሆነ፣ ከወንበር ወይም ከሰው ጭን ዘሎ መውደቅ ብቻ ይሰብረዋል። በቺዋዋ ቡችላ አናት ላይ ደግሞ ልክ እንደ ሕፃን ልጅ ያልገጠመ እርግብግቢት ብዙ ጊዜ ይገኛል። በሕፃን እርግብግቢት ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው የለንም፤ የቡችላውን አናት ግን ያለፈ ያገደመው ሁሉ እንዲደባብሰው ይፈቀዳል።

ባለቤቶች በዚህ ጊዜ አንድ ብርቱ ክርክር ያነሣሉ፤ እኛም ልናልፈው አንፈልግም። «ቡችላ በልጅነቱ ሰው ካልለመደ ሲያድግ ፈሪና ተናካሽ ይሆናል» ይላሉ። እውነት ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ዋና ጊዜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ ቡችላን እስከ አራት ወር ሣጥን ውስጥ ቆልፉት የሚል ከእኛ የለም። ነገር ግን መልመድና መታየት አንድ አይደሉም። ለማልመድ የሚፈልግ ሰው፣ እጃቸውን የታጠቡ ሁለት ሦስት ወዳጆች ወደ ቤቱ ይጠራል፤ ቡችላውን ክትባቱን ከጨረሰ ጤነኛ ውሻ ጋር ያስተዋውቀዋል፤ ለጥቂት ደቂቃ በመስኮት የመኪናና የሰው ድምፅ ያሰማዋል፤ ሳይደክመውም ወደ መኝታው ይመልሰዋል። ሙዚቃ በሚያስተጋባበት ቤት፣ በሲጋራ ጢስ መካከል፣ በማያውቃቸው ሃያ እጆች እየተጨበጠ ሦስት ሰዓት የቆየ ቡችላ የሚለምደው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ሰውን መፍራት ነው። ከዚያም አድጎ ሲነክስ «ውሻው ከፋ» ተብሎ ወደ ጎዳና ይጣላል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከፋው እንደርሳለን። እስካሁን የተናገርነው የቡችላውን ጉዳት ነው። የሚቀጥለው የሰው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው የእብድ ውሻ በሽታ በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይገድላል። ከሰዎቹ ከመቶ 99 የሚሆኑት በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ ከሟቾቹም ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሽታው ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚመልሰው መድኀኒት የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን ቡችላ አያብድም ብሎ ያምናል። ይህ ስሕተት ነው። ቡችላም በእናቱ ወይም በሌላ ውሻ ንክሻ ይያዛል፤ ምልክቱ ሳይታይም ለጥቂት ቀናት በምራቁ ሊያስተላልፍ ይችላል። ክትባቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በ12ኛው ሳምንት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ12 ሳምንት በፊት የተሰጠ ክትባት አይቆጠርም፤ ከተሰጠም በኋላ 21 ቀን ካልሞላው እንደ ጸና አይታይም። እንግዲህ ምንጩ ያልታወቀ፣ ከመንገድ ዳር የተገዛ የሁለት ወር ቡችላ የልጆችን ጣት በመርፌ ጥርሱ እየነካከሰ ሲጫወት፣ ባለቤቱ በምን ዋስትና ነው ቆሞ የሚስቀው?

እዚህ ላይ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ እንመልከት። ባለ ቡችላው መኪና አለው፣ ሐኪም ያውቃል፣ ክትባት ይገዛል። በቡና ቤቱ በር ላይ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ ልጅ ግን «ልዳብሳት?» ብሎ እጁን ሲዘረጋ የተጫረ እንደ ሆነ፣ ጭረቷን ለማንም አይነግርም። ቁስል በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ መታጠብ እንዳለበት፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ መሄድ እንደሚገባ የነገረው የለም። ሉሉ የተባለችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሽ ውሻ ስሟ እስከ ዛሬ እንደሚነሣ ሁሉ፣ ትንሽ ውሻ ማቀፍ በአገራችን የጌትነት ምልክት ሆኖ ቆይቷል። ጌትነቱ ለባለቤቱ፣ መዘዙ ለሊስትሮው ልጅ ሲሆን ግን ዝም የምንል አንሆንም።

«ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ስለ ቡችላ መጻፍ ቅንጦት ነው» የሚሉን ወንድሞችም ይኖራሉ። ለእነርሱ መልሳችን ከላይ ያልነው ነው። የእንስሳው በሽታና የድኻው ልጅ በሽታ በአንድ ጥርስ ይተላለፋል። ደካማውን ፍጡር ለጌጥ ማንገላታት የለመደ ሰው ደግሞ ነገ ሹም፣ ሐኪም ወይም መምህር ሆኖ በእጁ ለሚወድቀው ሰው ይራራል ብለን እንዴት እንመን?

ጥፋቱ የገዢ ብቻ አይደለም። ሻጩ የ5 ሳምንቱን ቡችላ «ሦስት ወሩ ነው፤ ዘሩ ትንሽ ስለ ሆነ ነው» ብሎ ይሸጣል። በዚያ ላይ «ቲካፕ» የሚል ማዕርግ ይጨምርለታል። ቲካፕ የሚባል የታወቀ የውሻ ዘር የለም፤ ብዙ ጊዜ ደካማው፣ የቀጨጨው ወይም ያለዕድሜው የተነጠለው ቡችላ በውድ የሚሸጥበት ስም ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ራሱ ያላራባውን ከ6 ወር በታች የሆነ ቡችላ አትርፎ የሚሸጥ ነጋዴ በሕግ ተከልክሏል፤ አርቢውም ቢሆን ቡችላውን ከእናቱ ጋር ሳያሳይ መሸጥ አይችልም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ሕግ ቆመን ከመጠበቅ፣ ገዢው ራሱ «እናቱን አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። እናቱን ማሳየት ያልቻለ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1. 8 ሳምንት ያልሞላው፣ ከእናቱ ጋር ያልታየ ቡችላ አንግዛ፤ በስጦታም አንስጥ።

2. የክትባቱን ተራ በ16ኛው ሳምንት ያልጨረሰ ቡችላ ወደ ግቢያችን፣ ወደ ቡና ቤትና ወደ ድግስ አይግባ። ለማልመድ የፈለገ በቤቱ ያልምድ።

3. የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የተማራችሁትን በደብተር አትቅበሩት። በሰፈራችሁ ላለው ባለ ውሻ፣ የአበሻም ይሁን የፈረንጅ ውሻ ላለው፣ በቀላል አማርኛ አስረዱ።

4. መምህሮቻችን በቢሮአቸውና በግብዣቸው ላይ ምሳሌ ይሁኑን። ተማሪ የሚከተለው ከንግግር ይልቅ ያየውን ነው።

5. ጨቅላ ቡችላ ይዞ የመጣ ጓደኛ ስናይ «ሲያምር!» ብለን አንቀበለው። «ስንት ሳምንቱ ነው? ክትባቱን ጨርሷል?» ብለን እንጠይቀው። ጭብጨባ ያጣ ፋሽን ዕድሜ የለውም።

ቡችላውን የገዛው ሰው ገንዘቡ የራሱ ነው ይባል ይሆናል። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ነፍሱ ግን የቡችላው ነው፤ መንገዱም የሁላችን ነው።