የአባይን ድልድይ የሚያሻግረው ጭነት ልኩ ስንት ነው?

በግንቦት 2016 ባህር ዳር ላይ የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። አሮጌው ድልድይ ለስድሳ ዓመታት ያህል እግረኛውን፣ ባጃጁንና ከባድ መኪናውን አጣቦ ሲያሻግር ኖሯል። በባህር ዳር በኩል ወደ ወረታ፣ ደብረ ታቦርና ጎንደር የሚሄደው ጭነት አባይን የሚሻገረው እዚሁ ነው። ስለ አዲሱ ድልድይ ውበት ብዙ ተብሏል። እኛ ማንሳት የፈለግነው በላዩ የሚያልፈውን ክብደት ነው።

የጭነት ልክ የሚታየው በመኪናው ጠቅላላ ክብደት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ አክስል በሚሸከመውም ጭምር ነው። በአገራችን የኋላ ነጠላ አክስል ልክ 10 ቶን ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሕግም ይህንኑ ልክ ይዟል፤ ባለ ብዙ አክስል መኪና ከነተሳቢው እስከ 56 ቶን እንዲደርስ ይፈቅዳል። በአሜሪካ የፌዴራል አውራ ጎዳናዎች ላይ ግን መደበኛው ጣሪያ 80 ሺህ ፓውንድ፣ ማለትም 36 ቶን ግድም ነው። ስለዚህ «ሌላ አገር ከዚህ በላይ ይጫናል» የሚለው ክርክር የአክስሉን ቁጥር ካልጠቀሰ ምንም አያስረዳም።

በ10 ቶን አክስል ላይ 20 ኩንታል መጨመር ለባለ ጭነቱ ትንሽ ትርፍ ይመስለዋል። የመንገድ መሐንዲሶች ስሌት ግን ሌላ ነው። ክብደቱ በአምስት እጅ አንድ ሲጨምር በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ትርፉ የአንድ ሰው ነው፤ የመንገዱ ጥገና ዕዳ ግን የሁላችንም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መንጃ ፈቃድ ነው። ተሳቢ መንዳት ሌላ ሙያ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ ተሳቢው የፊቱን መኪና ይገፋል፤ ፍሬኑም በተደጋጋሚ ሲያዝ ይግልና ኃይሉን ያጣል። በአውሮፓ ኅብረት መደበኛ የአውቶሞቢል ፈቃድ የያዘ ሰው እስከ 750 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ መጎተት ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የመኪናውና የተሳቢው ድምር ይታያል። ብሪታኒያ በአንጻሩ ከታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአውቶሞቢል ነጂዎች ያለ ተጨማሪ ፈተና እስከ 3.5 ቶን እንዲጎትቱ ፈቅዳለች። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ፈቃድ በመኪናው ዓይነትና በደረጃ ይለያያል። የደረጃው ትርጉም ግን ነጂው በሥልጠና ላይ ጭነት የያዘ ተሳቢ ቁልቁለት ላይ መያዙን ካልተለማመደ ከወረቀት አያልፍም።

ሦስተኛው ተጠያቂነት ነው። ስንት ኩንታል ይጫን የሚለውን የሚወስኑት ባለንብረቱና ነጋዴው ናቸው። መንገድ ላይ የሚቆመው ሹፌሩ ነው። «አልጭንም» ቢል መሪውን የሚረከብ ሌላ ሰው አይጠፋም። በጣና ዙሪያ ያለው የአሸዋ ጭነት ደግሞ ሌላ ችግር አለው። አሸዋ የሚሸጠው በቢያጆ እንጂ በኪሎ አይደለም፤ እርጥቡም ከደረቁ ይከብዳል። ሹፌሩ ስንት ቶን እንደያዘ በዓይን ገምቶ ነው የሚነሳው።

ከአንባቢዎቻችን መካከል የመኪና ባለንብረቶች፣ ነጋዴዎችና ሹፌሮች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር። ባለ ጭነቱ ክብደቱን በጽሑፍ ይስጥ፤ ባለንብረቱ ከልክ በላይ አልጭንም ያለውን ሹፌር ከሥራ አያሰናብት። ከመንግሥት የምንጠብቀው ደግሞ ቅጣቱ ከሹፌሩ አልፎ አስጫኙንም እንዲይዝ፣ አሸዋ በሚጫንባቸው ቦታዎችም ሚዛን እንዲቆም ነው። መንገድ የጋራ አማና ነው፤ አማናን መጠበቅ ደግሞ የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው።