ዴድ ስፔስ ስለሚባለው የሕዋ ጨዋታ፤ የሚመሰገንበትና የሚነቀፍበት ነገር

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ በከተሞቻችን ሁለት ቃል ይሰማል። አንደኛው ወገን «የሰይጣን ሥራ ነውና ይዘጋ» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ጨዋታ ነውና ተዉት» ይላል። እነዚህ ሁለት ወገኖች ምንም እንኳ ባላጋራ ቢመስሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሁለቱም ነገሩን ሳይመረምሩ መፍረዳቸው ነው። አባቶቻችን ግን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ብለው አስተምረውናል። ስለዚህ ከብዙው ጨዋታ አንዱን ነጥለን፥ ያውም ለመወገዝ ከሁሉ ይልቅ የተመቸውን መርጠን፥ በሚዛን ላይ እናኑረው።

ምናልባት «ይህ ነገር ለኩየራ ሰው ምን ያገባዋል?» የሚል አይታጣም። መልሱ አጭር ነው። በኩየራም ሆነ በሻሸመኔ፥ በባቱም ሆነ በአዳማ ያለ ወጣት ሞባይል በእጁ ይዟል። መጫወቻውን ለመግዛት ገንዘብ ባይኖረው፥ ሌላ ሰው ሲጫወት የተቀረጸውን ከፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ሊመለከት ይችላል። በየሰዓቱ እየተከፈለ በሚጫወቱበት ቤት የሚበዛው የእግር ኳስ ጨዋታ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በር ዘግቶ ብቻውን በጨለማ የሚያየውን የሚቈጥርለት የለም። እንግዲህ በሩን መዝጋት በቂ መድኀኒት አይሆንም፤ የሚያየውን ማወቅ ይገባናል።

ዴድ ስፔስ የሚባለው ጨዋታ፥ ዘመኑን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ብንጽፍ፥ በ2008 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በአሜሪካ ወጣ። የሠራው ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው ኩባንያ በካሊፎርንያ የነበረው ክፍሉ ነው፤ ይህም ክፍል ኋላ ቪሰረል ጌምስ ተብሎ ተጠራ። ታሪኩ የሚሆነው በ2508 ዓ.ም. ነው። ኢሺሙራ የምትባል ታላቅ የጠፈር መርከብ፥ ማዕድን ለማውጣት አንድን ዓለም እንደ ድንጋይ ስትፈልጥ ሳለ ድምፅዋ ይጠፋል። ይስሐቅ ክላርክ የሚባል መሐንዲስ ሊጠግናት ይላካል፤ የሚወዳት ሴት ኒኮል በዚያች መርከብ ውስጥ ሐኪም ናትና ልቡ ወደ እርሷ ይቸኵላል። ሲደርስ ግን ከዓለሙ ላይ የተገኘ ቀይ ሐውልት የሰዎቹን አእምሮ አናውጦታል፤ የሞቱትም መልካቸው ተለውጦ ሕያዋንን እየገደሉ ይመላለሳሉ።

አስቀድመን የሚመሰገንበትን እንናገር፤ ጠላትን እንኳ በሐሰት መክሰስ አይገባምና።

መጀመሪያ፥ ጀግናው ወታደር አይደለም። የብዙዎች ጨዋታዎች ጀግና ለመግደል የሠለጠነ ሰው ነው፤ ይስሐቅ ግን ሠራተኛ ነው። የሚታገልበትም መሣሪያ በመጀመሪያ ማዕድን ለመቍረጥ የተሠራ ነው። ሥራውም የተሰበረውን መጠገን፥ አየሩን ማጽዳት፥ የቆመውን ሞተር ማስነሣት ነው። በዚህ ነገር ጨዋታው ለእጅ ሥራ ክብር ይሰጣል፤ የእጅ ባለ ሙያን ስንንቅ ለኖርን ለእኛም ይህ ትንሽ ትምህርት አይደለም።

ሁለተኛ፥ ፍርሃቱ በብልሃት የተሠራ ነው። በሌሎች ጨዋታዎች የተጫዋቹ ጕልበት በመስኮቱ ዳር በቍጥር ይጻፋል። በዚህ ግን የይስሐቅ ሕይወት መጠን በልብሱ ጀርባ፥ በአከርካሪው ላይ በተተከለ ብርሃን ይታያል፤ የጥይቱም ቍጥር ከመሣሪያው ላይ በብርሃን ይነበባል። ካርታውን ለማየት ቢቆምም ጊዜ አይቆምለትም፤ ሲያነብ ከኋላው የሚመጣ አለ። አየር ወደሌለበት ስፍራ በወጣ ጊዜ ደግሞ ድምፅ ሁሉ ይደበዝዛል፤ የሚሰማው የራሱ እስትንፋስና ልብሱን ነክቶ የሚመጣ ድንፋታ ነው። ይህም እውነተኛ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ድምፅ የሚጓዝበት አየር ወይም ሌላ አካል ያስፈልገዋልና። በሕዋ መካከል የሰው ልጅ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ በብዙ ቃል ከሚሰብክ መጽሐፍ ይልቅ ይህ ጸጥታ ያስረዳል።

ሦስተኛ፥ በውስጡ የተሰወረ ነገር አለ። ጨዋታው በ12 ምዕራፍ የተከፈለ ነው። የምዕራፎቹን ስም የመጀመሪያ ፊደል በእንግሊዝኛ በተራ ቢያነቡት «ኒኮል ሞታለች» የሚል ቃል ይወጣል። ይስሐቅ እያሳደደ የሚፈልጋት ሴት ገና ከመጀመሪያው ሞታ ነበር፤ የሚያያት ምትሐት ነው፤ እውነቱም ከፊቱ ተጽፎ ሳለ አላነበበውም። መዝሙር 118ን በአሌፍና በቤት ተከፍሎ የሚያውቁ ሊቃውንት፥ ሰምና ወርቅ የሚፈቱ ባለ ቅኔዎችም ይህን ብልሃት ሊንቁት አይችሉም። ሐዘንተኛ የሞተበትን ሰው ሞት ላለማመን ዐይኑን እንዴት እንደሚዘጋ በዚህ መንገድ መናገር የአዋቂ ሥራ ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ ይነሣል። «ይህ ሁሉ ቢሆን፥ የሕዋን ባዶነት ማስፈሪያ ማድረግ ራሱ ክሕደት ነው፤ ከአገራችንም ልማድ የራቀ ነው» የሚሉ አሉ። ይህን ቃል በብርቱ እንቃወማለን። በኤውሮፓ ቋንቋዎች ጠፍቶ በግእዝ ብቻ ምሉዕ ሆኖ የተጠበቀው መጽሐፈ ሄኖክ ምን ይላል? ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ቅጆቹን ወደ ኤውሮፓ የወሰደው ይህ መጽሐፍ፥ በምዕራፍ 18ና በምዕራፍ 21 ሄኖክ ከላይ ሰማይ፥ ከታች የጸና ምድር ወደሌለበት ወደ ባዶ ስፍራ መድረሱን ይተርካል። በዚያም ሰባት ከዋክብት እንደ ሚቃጠሉ ተራሮች ታስረው አየ፤ እጅግም ፈራ። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የሕዋ ፍርሃት ወዴት አለ? አሜሪካዊው ጸሓፊ ላቭክራፍት፥ ከ1890 እስከ 1937 ዓ.ም. የኖረው፥ የዚህ ዐይነት ድርሰት አባት ተብሎ ይጠራል፤ ዳሩ ግን እርሱ ከመወለዱ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ የእኛ ደብተራዎች ይህን ፍርሃት በብራና ላይ ይገለብጡት ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱን ባዕድ ነው ማለት የራስን መዝገብ አለማወቅ ነው።

ልዩነቱ ወዴት አለ ቢሉ፥ ከሄኖክ ጋር መሪ ነበረ። በዚያ ባዶ ስፍራ ዑርኤል በአጠገቡ ቆሞ ነበር፤ ሄኖክ ይጠይቃል፥ መልአኩ ይመልሳል፤ መልአኩም ደግሞ ስለ ምን እንደ ፈራ ይጠይቀዋል። የታሰሩት ከዋክብትም የታሰሩበት ምክንያት አላቸው፤ በተወሰነላቸው ጊዜ ባለመውጣታቸው ትእዛዝ ተላልፈዋል። እንግዲህ በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሕግ አለ፥ ፍርድ አለ፥ ጥያቄና መልስ አለ። በላቭክራፍት ትምህርት ግን ዓለማት ሰውን አይጠሉትም፥ አይወዱትምም፤ ከቶ አያውቁትም። ዴድ ስፔስም ከዚህ ወንዝ ጠጥቷል። የመጀመሪያውና ዋናው ጕድለቱም እዚህ ላይ ነው፤ ታላቁን ጥያቄ አንሥቶ መልስ አለመስጠቱ አይደለም፥ መልስ የሌለው መጽሐፍ ብዙ ነውና፤ ጥያቄውን አንሥቶ ወዲያው መርሳቱ ነው እንጂ።

እንዴት ይረሳዋል? በእርድ ይረሳዋል። የጨዋታው ሕግ የተነሣውን ሬሳ በራሱ መምታት እምብዛም ስለማይጠቅም እጅና እግሩን ቍረጥ የሚል ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ተጫዋቹ ይንቀጠቀጣል፤ በዐሥረኛው ሰዓት ግን እንደ ሥጋ ሻጭ እጁ ይለምዳል። ፍርሃት የነበረው ሙያ ይሆናል፤ ሙያም የሆነው ጨዋታ ይሆናል። ከዚህም የከፋ አለ፤ የወደቀውን ሬሳ በእግር ረግጦ ጥይትና ገንዘብ ማግኘት በጨዋታው ውስጥ የተለመደ ነው። እኛ ለሞተ ሰው ዕድር የምናቆም፥ ሥጋውን አጥበን ገንዘን የምንሸኝ፥ ሐዘን ለመድረስ ከሩቅ አገር የምንመጣ ሕዝብ ነን። በአንድ ምሽት መቶ ሬሳ መርገጥን እንደ ቀላል ነገር የቈጠረ ልጅ፥ በማግስቱ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል አንልም፤ ይህን የሚል ሰው ያጋንናል። ነገር ግን የሬሳ ክብር ምን እንደ ሆነ ከሌላ ስፍራ ካልተማረ፥ ከዚያ አይማርም።

ካህናት ከሁሉ ይልቅ የሚቈጡበት ነገር ዩኒቶሎጂ የምትባለው የጨዋታው ሃይማኖት ናት። ተከታዮችዋ ሐውልቱን ቅዱስ ይሉታል፤ ሞትንም ወደ አንድነት የሚያደርስ መንገድ አድርገው ይጠብቃሉ። መርሰር የሚባለው ሊቅ በዚህ እምነት ታውሮ ሰዎችን ለዚያ ርኩስ ለውጥ አሳልፎ ይሰጣል። በዚህ ላይ ግን ከሚቈጡት ጋር አንስማማም። ሞትን ከሕይወት የምታስወድድ፥ ሰውን ለድንጋይ የምትሠዋ ሃይማኖት ሐሰተኛ መሆንዋን ከካህን ይልቅ ማን ያውቃል? ጨዋታው ሐሰተኛውን ሐሰተኛ ቢለው ምን በደለን? ጕድለቱ ሌላ ነው። በዚህች ሃይማኖት ፊት ለማነጻጸሪያ ያቆመው የመንግሥትን ምስጢራዊ ሰላይና የደከሙ ሠራተኞችን ነው። አንዱ ወገን አብዶ ያመነ፥ ሌላው ወገን የሚዋሽ ነው። ሐሰተኛ ብር ለማሳየት እውነተኛውን አጠገቡ ማኖር ይገባል፤ ያለዚያ ግን ልጁ ብር ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብሎ ይወጣል።

ስለ ነጋዴዎቹም አንድ ቃል እንበል። ይህ ጨዋታ በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ምልክት የተደረገበት ነው። ሁለተኛው ክፍል በ2011 ዓ.ም. ሲወጣ ግን ኩባንያው እናቶችን ሰብስቦ ጨዋታውን እያሳየ፥ የደነገጠ ፊታቸውን ቀርጾ «እናትህ ይህን ትጠላዋለች» እያለ አስነገረ። እናቱ መጥላትዋ የሚያስጐመጀው ማንን ነው? የ30 ዓመት ጐልማሳን ነውን? በ2013 ዓ.ም. በወጣው በሦስተኛው ክፍል ደግሞ ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ለመሣሪያ መሥሪያ የሚሆነውን ነገር እንደ ገና በገንዘብ እንዲገዛ ሱቅ ከፈቱበት፤ ፍርሃቱም ቀንሶ ተኵሱ በዛ። ቪሰረልም በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ። የመጀመሪያው ክፍል በሌላ ክፍላቸው እንደ ገና ተሠርቶ በ2023 ዓ.ም. መውጣቱ ግን የቀድሞው ጥበብ ዋጋ እንደ ነበረው ይመሰክራል፤ ያ ዝምተኛ መሐንዲስም በዚህ ጊዜ አፍ ተሰጥቶት ተናገረ።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ለሕፃናት አይገባም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ለጐለመሰ ሰው ግን በእሳት የሚጣል አይደለም፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፥ እርዱ ከንቱ ነው። ኢትዮጵያ በ2019 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የመጀመሪያውን ሳተላይትዋን ከቻይና ምድር አስወንጭፋለች፤ በእንጦጦም የከዋክብት መመልከቻ አቁማለች። ልጆቻችን ወደ ሕዋ ይመለከታሉ፤ ያንን ማንም አይከለክላቸውም። የቀረው ጥያቄ ሲመለከቱ በአጠገባቸው ማን ይቆማል የሚለው ነው።

አባቶች ሆይ፥ ልጁን ከማውገዝ አስቀድማችሁ ተቀምጣችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት። ምን አስፈራህ? የሞተውን ስትረግጥ ምን ተሰማህ? ያች ሃይማኖት ሐሰተኛ መሆንዋን በምን ዐወቅህ? ሳይመልስ ቢቀር ትምህርት የሚጀመረው ከዚያ ነው።

የተማራችሁ ወንድሞችም፥ ከንፈር መምጠጥ ይብቃ። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ከአሳዳጅዋ ስለምትሸሽ ዶሮ «ኩኩሉ» የሚባል ጨዋታ መሥራቱ እጃችን ለዚህ ሥራ እንደማያንስ አሳይቷል። ሄኖክ ያየውን ባዶ ስፍራ፥ ከነመሪው፥ ከነጥያቄውና ከነመልሱ፥ በዚህ በአዲሱ መሣሪያ ለመሥራት ከእኛ የተሻለ ውርስ ያለው ሕዝብ ወዴት ይገኛል? ብራናው በሣጥን ተቈልፎ ሳለ ልጆቻችን ከሌላ ሰው ጨለማ ውስጥ ቢገቡ፥ ሣጥኑን የቈለፈው ማን እንደ ሆነ ይጠየቃል።