ደረጃ የተሰጠው ሳንቲም በእጃችሁ ካለ፦ ድጋሚ ይመዘን ወይስ ይቅር?

በኦክቶበር 2025 የአንድ አውንስ (31.1 ግራም) ወርቅ ዋጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4,000 ዶላር በላይ ወጣ። በዚያው ወር የብር ማዕድንም በአውንስ 50 ዶላርን አለፈ። ከጁላይ 2024 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ አገር ቤት ያለው ብር ከዶላር አንጻር ምን ያህል እንደወረደ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ጥሪታችሁን ወደ ወርቅና ወደ አሮጌ ሳንቲም ማዞራችሁ አይገርምም።

ለእኔ የሚቀርበው ጥያቄም ተለውጧል። ድሮ “ይህ ውል ምን ይላል?” ነበር የምጠየቀው። ሰሞኑን ግን ሽሜሳኒ የምትሠራ አንዲት እህት የሳንቲም ፎቶ ላከችልኝ። በ1889 ዓ.ም. የተመታ የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። የማዳሟ እናት ለስድስት ዓመት አገልግሎቷ ምስጋና ብለው የሰጧት ነው። ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጓል፤ ወረቀቱ ላይ 55 የሚል ቁጥር አለ። አንድ ነጋዴ “ድጋሚ ይመዘን፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ስጪኝና እኔ አሜሪካ እልክልሻለሁ” ብሏታል። ትስጠው?

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነው ሁለት የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው፦ በ1986 ሥራ የጀመረው ፒሲጂኤስና በ1987 የተቋቋመው ኤንጂሲ። ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን ይመረምራሉ፤ ከዚያ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ሰጥተው ያሽጉታል። ከ60 ጀምሮ ያለው በገበያ ያልተዘዋወረ ነው። 55 ማለት ጥቂት ብቻ የተነካካ ማለት ነው። ደረጃውን የሚሰጠው ግን የሰው ዓይን ነው። አንዱ ባለሙያ 55 ያለውን ሌላው 58 ሊለው ይችላል። “ድጋሚ ይመዘን” የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ወደ ታችም ሊሆን እንደሚችል ግን ነጋዴው አልነገራትም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። የምኒልክ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። ብር በአውንስ 50 ዶላር ሲሸጥ፣ ማዕድኑ ብቻውን 38 ዶላር ወይም 27 ዲናር ያህል ያወጣል። ይህን ዋጋ ማንም ደረጃ ሰጪ አይጨምረውም፣ አይቀንሰውም። ከዚያ በላይ ያለው ሰብሳቢዎች ለመልኩና ለብርቅነቱ የሚከፍሉት ነው። ድጋሚ ምዘና የሚነካው ይህን ክፍል ብቻ ነው።

ለምሳሌ የምዘናው ክፍያ፣ የመላኪያውና የመድን ወጪው ተደምሮ 90 ዶላር ነው እንበል። ደረጃው ከፍ ካለ ሳንቲሙ 200 ዶላር ይጨምራል፤ ዕድሉ ግን ከአራት አንድ ነው። 200 ለአራት ሲካፈል 50 ነው። 50 ለማግኘት 90 ማውጣት ኪሳራ ነው። ጭማሪው 1,000 ዶላር ቢሆን ግን ለአራት ሲካፈል 250 ይሆናልና ያዋጣ ነበር። እንዲህ ያለ ዝላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሳንቲሙ “ያልተነካ” ከሚባለው መስመር አጠገብ ሲሆንና በዚያ ደረጃ ያሉት ጥቂት ሲሆኑ ነው።

የእናንተ ሳንቲም የት እንደሚወድቅ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ወረቀቱ ላይ ያለውን መለያ ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገቡ፤ የሳንቲሙ መረጃ በነጻ ይወጣል። እጃችሁ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፤ ሐሰተኛ ማሸጊያም አለና። ቀጥሎ በዚያው ገጽ ባለው የዋጋ ዝርዝር የእናንተን ደረጃና ከእሱ በላይ ያለውን አወዳድሩ። ልዩነቱ ከወጪው እምብዛም የማይበልጥ ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ባለበት ይቀመጥ።

ወረቀቱ ላይ በቁጥር ፈንታ “ታጥቧል” ወይም “ተበስቷል” የሚል ትርጉም ያለው ቃል ካለም ገንዘባችሁን አታባክኑ። የቆዩ ብሮቻችን ብዙዎቹ የአንገት ጌጥ ሆነው የኖሩ ናቸው። የተበሳ ሳንቲም ድጋሚ ስለተመዘነ አይደፈንም። የማዳምን የብር ሳሕን እንደምትወለውሉትም ሳንቲሙን አትወልውሉት፤ አትሹት፣ ሎሚም አታስነኩት። ቁጥሩ ይጨምራል ብላችሁ ማሸጊያውን አትስበሩ። ማሸጊያው ሲሰበር የድርጅቱ ዋስትናም አብሮ ይቀራል።

ማርትሬዛ ጠገራ ብር ያላችሁ ደግሞ ከሁሉ በላይ ተጠንቀቁ። ሁሉም ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ፤ ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቪየና፣ ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ ሳይቀሩ በዚያው ዓመት እየመቱ አውጥተውታል። በቅርብ የተመታው አዲስ ስለሆነ ከፍተኛ ቁጥር ቢያገኝ አይደንቅም፤ ብርቅ ግን አይደለም። እዚህ ወስጥ አል-በለድ ከወርቅ ሱቅ የምትገዙት ባለ 7 ግራም ረሻዲ ሊራና ባለ 8 ግራም እንግሊዚ ሊራም የሚሸጡት በክብደታቸውና በዒያራቸው ነው። እነሱን ሲገዙ የሚያስፈልገው ደረጃ ሳይሆን ፋቱራ ነው፤ ክብደቱ፣ ዒያሩና የመስነዒያው ማለትም የእጅ ዋጋው ለየብቻ የተጻፈበት።

ወደ እህታችን ልመለስ። መለያ ቁጥሩን አብረን አየነው፤ ሳንቲሙ እውነተኛ ነው። በ55 እና በሚቀጥለው ደረጃ መካከል ያለው ልዩነት ግን ወጪውን አይሸፍንም። ስለዚህ “አትስጪው” አልኳት። ወጪው ባይኖር እንኳ ደረሰኝ ለማይቆርጥ ሰው እንዲህ ያለ ዕቃ አይሰጥም። ሌላ ሳንቲም ተመልሶ ቢመጣ በምን ትከራከራለች?

ከዚያ እኔ በተራዬ ጠየቅኳት። “ስጦታ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት አለሽ?” የላትም።

ይህን የጠየቅኩት ያየሁትን ስላየሁ ነው። ለማስተርጎም በተጠራሁበት አንድ ቦታ፣ ሻንጣዋ ውስጥ የወርቅ ሰንሰለት የተገኘባት ልጅ “ማማ ናቸው የሰጡኝ” ብላ ስታለቅስ በእኔ አፍ ነው ወደ ዐረብኛ የተመለሰው። ማማ የተባሉት በሕይወት አልነበሩም። ልጆቻቸው “አናውቅም” አሉ። ቃሏን ተረጎምኩ፤ ማስረጃ ግን መተርጎም አልቻልኩም። በረራዋ አመለጣት።

ስለዚህ ውድ ዕቃ ሲሰጣችሁ በዚያው ሳምንት በትሕትና አንድ ወረቀት ጠይቁ። “ማማ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ኤርፖርት ላይ እንዳልቸገር ቢጽፉልኝ” ማለት ነውር አይደለም። ረጅም መሆን የለበትም፦ “አነል ሙወቂዓ አድናህ፣ አህደይቱ ሀዚሂል ቂጥዓ ኢላ...” ይበቃል። “ከታች የፈረምኩት እኔ ይህን ዕቃ ለእከሊት በስጦታ ሰጥቻለሁ” ማለት ነው። ሙሉ ስማችሁ እንደ ፓስፖርታችሁ፣ የፓስፖርት ቁጥሩ፣ በማሸጊያው ላይ ያለው መለያ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ይኑሩበት። ሳንቲሙን በሁለቱም ገጹ፣ ወረቀቱንም አብሮ ፎቶ አንሡና አገር ቤት ላለ ዘመድ ላኩ።

በሮማውያን ቲያትር አካባቢ “ጥንታዊ ነው” እየተባለ የሚሸጥ ሳንቲም ግን በወረቀትም አይድንም። በ1988 በወጣው የዮርዳኖስ የቅርስ ሕግ ቁጥር 21 መሠረት ከ1750 በፊት የተሠራ ዕቃ ቅርስ ነው፤ መነገድም ክልክል ነው። እውነተኛ ከሆነ ያስጠይቃችኋል፤ ሐሰተኛ ከሆነ ገንዘባችሁን በላ።

እህታችን ባለፈው አርብ ደወለችልኝ። የማዳሟ እናት በእጃቸው ጽፈው ፈርመውላታል፤ ማዳሟም ምስክር ሆና ፈርማለች። ሳንቲሙ ዛሬም 55 ነው። የእሷ መሆኑ ግን አሁን ተጽፏል።