ደመወዝተኛው መርማሪ

የወንጀል ታሪክ ወዳጆች ስለ 1960ዎቹ መጨረሻ ሲያወሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወሬው ብዙውን ጊዜ ወደ ሽጉጥና ወደ መኪና ይሄዳል። ቦኒና ክላይድ በጥይት ሲበሳሱ፣ ስቲቭ ማኩዊን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ሙስታንጉን ሲያስፈነጥር፣ አላን ደሎን ባርኔጣውን አስተካክሎ ሰው ለመግደል ሲወጣ። እኔ ግን ከዚያ ዘመን የተረፈን ትልቁ ነገር ከዚህ ሁሉ ጩኸት ጀርባ የቆመው ሰውዬ ይመስለኛል፤ በደመወዝ የሚተዳደር፣ አለቃ ያለበት፣ እንቅልፍ ያጣ መርማሪ።

ከዚያ በፊት የነበረውን መርማሪ እናውቀዋለን። ሼርሎክ ሆምስ ሲያሻው ቫዮሊን ይጫወታል፤ ጉዳዩ ካልጣመው ከወንበሩ አይነሳም። ኤርኩል ፖይሮት እንግዶቹን ሳሎን ሰብስቦ ገዳዩን ያጋልጣል። ፊሊፕ ማርሎም ኪሱ ባዶ ቢሆን የራሱ ጌታ ነው። ፖሊስ በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለመሳሳት ነው። «ሜግሬስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ደራሲው ሲምኖን የፈጠረው ፖሊስ ሜግሬ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ኤድ ማክቤይንም ከ1956 ጀምሮ አንድ ሙሉ ፖሊስ ጣቢያን ገጸ ባሕርይ አድርጎ ሲጽፍ ነበር። ግን ሜግሬ ደክሞት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ማዕድ አዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። ከሱ በኋላ የመጡት ይህን አልታደሉም።

ለምሳሌ ስዊድናዊው ማርቲን ቤክ። ጨጓራው ያመዋል፣ ጉንፋን አይለቀውም፣ ትዳሩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ማታ ማታ ብቻውን ተቀምጦ የመርከብ ሞዴል ይገጣጥማል። የፈጠሩት ማይ ሾዋልና ፔር ቫሎ የሚባሉ አብረው ይኖሩ የነበሩ ጋዜጠኞች ናቸው። ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ ሌሊት ሌሊት ጠረጴዛ ከበው አንድ አንድ ምዕራፍ እየተከፋፈሉ ይጽፉ ነበር። ከ1965 እስከ 1975 ዐሥር መጻሕፍት፣ እያንዳንዳቸው 30 ምዕራፍ። ሁለቱም የግራ ፖለቲካ ሰዎች ነበሩ፤ ዓላማቸው ዓለም ያደንቀው የነበረውን የስዊድን የማኅበራዊ ዋስትና መንግሥት ሆዱን ቀዶ ማሳየት ነበር። ማክቤይንንም ወደ ስዊድንኛ ተርጉመዋል፤ ስለዚህ ትምህርቱን ከየት እንዳገኙት ምሥጢር አይደለም።

የመጀመሪያው መጽሐፋቸው «ሮዛና» የሚከፈተው ከስዊድኑ ዮታ የመርከብ ቦይ በጭቃ ማውጫ ማሽን የአንዲት ሴት አስከሬን ሲወጣ ነው። ማን ናት? የሚያውቅ የለም። ቀናት ያልፋሉ፤ ሳምንታት ያልፋሉ። ፖሊሶቹ ስልክ ይደውላሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ይሰለቻሉ። በመጨረሻ ከአሜሪካ፣ ከኔብራስካ፣ ስሟን የያዘ ቴሌግራም ይመጣል። ከዚያም ሌላ አድካሚ ሥራ፤ ሴትዮዋ በነበረችበት መርከብ የተሳፈሩትን ቱሪስቶች ከየአገሩ አፈላልጎ ያነሱትን ፎቶና ፊልም መለመን፣ ምስሎቹን አንድ በአንድ ማየት፣ ከሴትዮዋ አጠገብ የቆመ ሰው እንዳለ መፈለግ። እዚህ ድንገተኛ ብልጭታ የሚባል ነገር የለም። ያለው መዝገብ ነው።

በ1968 የወጣው «ሳቂታው ፖሊስ» ይብሳል። ዝናብ በሚዘንብበት የስቶክሆልም ሌሊት ኃይሉ በሙሉ ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ተጠርቷል፤ በቬትናም ጦርነት ላይ ሰልፍ አለ። በዚያው ሰዓት በከተማዋ ሌላ ጫፍ አንድ ባለ ፎቅ አውቶቡስ ውስጥ ሰዎች በመትረየስ ይረፈረፋሉ። ከሟቾቹ አንዱ የቤክ ወጣት ባልደረባ ነው። ምን ሊሠራ ነበር እዚያ? ደራስያኑ ለፖሊስ ተቋም ርኅራኄ የላቸውም፤ ሰልፈኛ የሚደበድበውን ኃይል ይሰድቡታል። ለፖሊሱ ግን፣ እግሩ ረጥቦ ደረጃ ለሚወጣው ሰውዬ፣ ያዝናሉ። ይህን ልዩነት መያዝ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ተከታዮቻቸው አልቻሉበትም።

በአሜሪካ በኩል ደግሞ ቨርጂል ቲብስ አለ። ጆን ቦል በ1965 ባሳተመው ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ ኖርማን ጁዊሰን በ1967 «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» የተሰኘውን ፊልም ሠራ። አንድ ጥቁር ሰው በሚሲሲፒ ትንሽ ከተማ ባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ሲጠብቅ በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ይያዛል። ጥፋቱ? ጥቁርነቱና ቦርሳው ውስጥ የተገኘው ብር። የፊላደልፊያ የነፍስ ግድያ መርማሪ መሆኑ ሲታወቅ የከተማው ፖሊስ አዛዥ ስንት ይከፍሉሃል ይለዋል። ቲብስን ሆኖ የሚጫወተው ሲድኒ ፖይቲየር ሳንቲሟን ሳያስቀር ይመልሳል፤ በሳምንት 162 ዶላር ከ39 ሳንቲም። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ነጭ ባለ እርሻ በጥፊ ሲመታው ወዲያው በጥፊ የመለሰበትን ነው፤ ተገቢም ነው። እኔን ግን የሚያስገርመኝ የደመወዙ ነገር ነው። ሰውዬው ማንነቱን ያስረዳው በጡንቻ ሳይሆን በደመወዙ ልክ ነው። በዚያች ከተማ እንዲቆይ ያስገደደውም ጀግንነት አይደለም፤ አለቃው በስልክ እርዳቸው ስላለው ነው።

ፖይቲየር ደቡብ ወርዶ ለመቀረጽ ስላልፈለገ ፊልሙ በአመዛኙ የተሠራው በኢሊኖይ ነው። በ1968 የኦስካር ሥነ ሥርዓት ማርቲን ሉተር ኪንግ በመገደሉ ሁለት ቀን ተራዝሞ ሲካሄድ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተባለ።

የስቲቭ ማኩዊንን «ቡሊት» ለመኪናው ብሎ የሚያይ ይመልከት፤ አልቀየምም። 11 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ማሳደድ ሙዚቃው ጠፍቶ በሞተር ድምፅ ብቻ መሄዱ ዛሬም ጥቂቶች ብቻ የሚደፍሩት ነገር ነው። ግን ሌላውን ክፍል ልብ በሉ። ሌተናንት ቡሊት ሱቅ ገብቶ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያይ በካርቶን የታሸገ የቀዘቀዘ ምግብ ያነባብራል። ፖሊሶቹ ከቺካጎ የሚላክ ወረቀት በስልክ መስመር መሣሪያ ቀስ እያለ እስኪወጣ ድረስ ከበው ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ፖለቲከኛ ደግሞ የጠፋብኝን ምስክር አምጣ፣ ሪፖርት ፈርም እያለ ይጨቀጭቀዋል። ከላይ በሚመጣ ስልክ ሥራው የተበላሸበት ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

ደሎን ገዳዩን የሚጫወትበት የዳይሬክተር ሜልቪል «ለ ሳሙራይ» ከነዚህ ሁሉ የሚያምር ፊልም ነው፤ ግን ልቤን አይነካውም። ደሎን ሐውልት ነው። ከሱ ይልቅ በፓሪስ ሜትሮ ካርታ ላይ መብራት እያበራ የሚከታተለው ኮሚሽነር ይሻለኛል።

ሁሉም የሚደመሩት ኮስታ-ጋቭራስ በ1969 በሠራው «ዜድ» ላይ ነው። መነሻው የቫሲሊስ ቫሲሊኮስ ልብ ወለድ ሲሆን፣ የሱም መነሻ በ1963 ተሰሎንቄ ላይ የተገደለው የግሪክ የምክር ቤት አባል ላምብራኪስ ነው። የዣን-ሉዊ ትረንቲኛን መርማሪ ዳኛ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ስም፣ የአባት ስም፣ ሥራ እያለ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው በታይፕ ይመታል። ባለ ሜዳልያ ከፍተኛ መኮንኖች አንድ በአንድ ገብተው መከሰሳቸው ይነገራቸዋል፤ ጋዜጠኞችን ሸሽተው ሌላ በር ይሞክራሉ፤ በሩ ተቆልፏል። ሲኒማ ቤቱ ይስቃል። ቀጥሎ በሚያዝያ 1967 ሥልጣን የያዙት መኮንኖች ይመጣሉ፤ ምስክሮቹ ይሞታሉ፣ ዳኛው ከቦታው ይነሳል፣ የተከለከሉ ነገሮች ዝርዝር ስክሪኑን ይሞላዋል። እውነተኛው ዳኛ ክሪስቶስ ሳርትዜታኪስ ከሥራው ተባረረ፣ ታሰረ። በ1985 የግሪክ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ይህን ልብ ወለድ ውስጥ ብንጽፈው ተጋነነ በተባልን።

የትኛውን ላስቀድም ለምትሉ፣ ከፊልም «ዜድ»ን፣ ከመጽሐፍ «ሮዛና»ን እላለሁ። ሁለተኛዋ ላይ ገና ጥቂት ገጽ ሄደው ተንቀራፈፈች ብለው የሚተዉ አሉ። ቴሌግራሙ እስኪመጣ ታገሡ።