ደንቡን የምትኖርበት ሴት ታውጣው



እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። አገር ቤት ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፤ አሁን አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው ኡልፓን ገብቼ አሌፍ ቤት የምለው። ቢሆንም አስተያየት ለመስጠት ዲግሪ አይጠየቅም። ሞራችን ስለ ምርጫ ስታስተምረን የአሜሪካን ሴት ተማሪዎች ታሪክ አነሣችልን፤ የቀረውን ልጄ አንብባ አስረዳችኝ። በዚህ ታሪክ ላይ የሚሰማኝን ልናገር። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በፔንሲልቬንያ ክፍለ አገር ብሪን ማር የሚባል የሴቶች ኮሌጅ አለ። የተከፈተው በ1885 ነው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ከቤት ርቃ ትማር ብሎ መላክ ለብዙ ወላጅ ጭንቅ ነበር። ስለዚህ ኮሌጆቹ እንደ እናትና አባት ሆነው መቼ ትውጣ፣ መቼ ትግባ፣ ማን ይጠይቃት እያሉ ይወስኑ ነበር። የብሪን ማር ተማሪዎች ግን በ1892 የራሳቸውን አስተዳደር ማኅበር አቋቋሙ። ስለ ኑሯቸው ደንብ የማውጣትና የማስከበር ሥልጣንም ከኮሌጁ ተሰጣቸው። ልብ በሉ፤ ሴት በመሆኗ ብቻ ድምፅ እንዳትከለከል በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተደነገገው በ1920 ነው። እነዚህ ልጆች ከዚያ 28 ዓመት ቀድመው መሪ ይመርጡ፣ ስብሰባ ይመሩ፣ ድምፅ ይቆጥሩ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ ወንድና ሴት አብረው ወደሚማሩባቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ተዛመተ። በ1890ዎቹ መጨረሻ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ማኅበር ተቋቋመ። ያን ጊዜ የሴት ተማሪዎቹ ዲን የነበሩት አኒ ኤመሪም የብሪን ማር ተማሪ የነበሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አስተውሉ። ማኅበር መኖሩ ብቻውን ነፃነት አይደለም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶቹ ማታ የሚገቡበት ሰዓት ተወስኖ በሩ ይቆለፍ ነበር፤ ወንዶቹ ግን እንዲህ ያለ ሰዓት አልነበረባቸውም። አምሽታ የገባችውን የሚቀጣት ማን ነበር? የሴቶቹ ማኅበር ራሱ ነዋ! ሌላው የፈራውን እነሱ ሲጠብቁ ኖሩ። ይህም ብዙ አሥር ዓመታት ቆየ።

ታዲያ እንዴት ተለወጠ? በዚያው በማኅበሩ በኩል ጭምር ነው። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ከ1956 ጀምሮ የሴት ተማሪዎች ዲን የነበሩት ኤሚሊ ቴይለር፣ ተማሪዎቹ ደንቡን ራሳቸው እየመረመሩ እንዲለውጡት ያበረታቱ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹ የማደሪያቸውን ቁልፍ በእጃቸው ያዙ፤ ከዚያ ለታናናሾቹም ደረጃ በደረጃ ተፈቀደ። በ1972 በትምህርት ቦታ በፆታ ማበላለጥን የሚከለክል ሕግ በአገሪቱ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት ብዙዎቹ የሴቶች ማኅበራት ከጠቅላላው የተማሪዎች ማኅበር ጋር ተቀላቀሉ ወይም ተዘጉ።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው ትሉኝ ይሆናል። እኛ ግቢ የነዋሪዎች ቫዓድ አለ። አባላቱ ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ የተከበሩ ሰዎች ናቸውና አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ልጆች እስከ ስንት ሰዓት ውጭ ይጫወቱ፣ ዘመድ ሊጠይቀን ሲመጣ የት ይደር ተብሎ ሲወሰን አንዲት ሴት አልተጠየቀችም። የልብስ ማጠቢያው ክፍል የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነው። ጠዋት ደግሞ እኛ ኡልፓን ነን! ይህን ያወጣ ሰው ልብስ አጥቦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አንዳንዱ "ሴቶቹ ዕብራይስጥ አያውቁ፣ ስብሰባ ምን ያደርግላቸዋል?" ይላል። አገር ቤት ዕቁብ ስንጥል ዳኛ መርጠን፣ ገንዘብ ቆጥረን፣ ዕጣ አውጥተን፣ የተጣላ አስታርቀን ኖረን የለም ወይ? ይህ አስተዳደር ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ዕብራይስጡን ልጆቻችን ይጽፉልናል፤ ሐሳቡ ግን የእኛ ይሁን።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ አምስት ሴቶች እንምረጥ። ለእያንዳንዷ ዕጩ አንድ ቆርቆሮ ይቀመጥ፣ መጻፍ የማትችል የባቄላ ፍሬ ትጣል። የተመረጡት በወር አንድ ቀን ከግቢው ኃላፊ ጋር ይቀመጡ። ሁለት ነገር ግን አደራ። አንደኛ፣ የተመረጡት የተለጠፈውን ደንብ ለማስከበር ብቻ ከሆነ ይቅርብን፤ ደንቡን ለመለወጥም ቃላቸው ይሰማ። ሁለተኛ፣ ይህ ከወንዶቹ ጋር ለመጣላት አይደለም። አንድ ቀን ሁለቱም ኮሚቴ አንድ ይሆናል። ያን ቀን ስንገባ ግን ወንበራችንን ይዘን እንጂ ሻይ ለማፍላት አይሁን።

ሐሳቤን የማትቀበሉ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉና እንነጋገር። ቸር ይግጠመን።