ተንጠልጣይ አልጋ በቤት ውስጥ
ከግዳጅ የተመለሰ አባወራ የሸራ ተንጠልጣይ አልጋውን በቤቱ ቢሰቅል አይነቀፍም፤ ዕረፍት ይገባዋልና። ይሁን እንጂ በጭቃ ግድግዳ ላይ የተመታ ምስማር ሰውን አይሸከምም። ከምሽግ በደኅና የተመለሰ ጓድ ሳሎን ውስጥ ወድቆ ወገቡ ቢሰበር ለማን ይነገራል?

ብዙዎች ገመዱን እንደ ክራር ጅማት ይወጥሩታል፤ ጥፋቱም ከዚህ ይመጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲተኛበት፣ ገመዱ ከአግድም መሥመር 30 ዲግሪ ያህል የረገበ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ጫፍ 70 ኪሎ ያህል ይሳባል፤ 10 ዲግሪ ብቻ ከሆነ ግን ስበቱ 200 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ገመዱ ይርገብ፤ የሚታሰረውም በመሬት ውስጥ ጠልቆ በተተከለ ወፍራም ምሰሶ ላይ ይሁን። ከፍታው ከወንበር አይብለጥ።

እኅታችን ሆይ፣ ጨቅላውን ግን በዚህ አታስተኚው። ሸራው ሲያጥፈው አገጩ ከደረቱ ይገናኝና ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል፤ መኝታው ጠፍጣፋና ጠንካራ ይሁን፣ በጀርባውም ይተኛ።